ገጠር ልግባ ስንል የትኛውን ገጠር ነው?

መገናኛ የታክሲ ሰልፍ ላይ ነበርኩ። ምሽት ነው፣ ያካፋል፣ ሰልፉ አይንቀሳቀስም። ከፊቴ የቆመ ሰውዬ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ "ስማኝማ፣ እኔ ይሄን ክረምት ካለፍኩ በቃኝ፤ አገሬ ገብቼ አርሳለሁ" ሲል ሰማሁት። የምሩን ነበር።

ይህችን ነገር ያልሰማ የአዲስ አበባ ሰው ያለ አይመስለኝም። የቢሮ ባልደረባዬ ወር በገባ በ10ኛው ቀን ደመወዙ ሲያልቅ ይላታል። ጎረቤቴ አከራዩ "ጨምር" ባለው ማታ ይላታል። እኔም ብያታለሁ፣ ያውም ብዙ ጊዜ። ተወልጄ ያደግኩት ምሥራቅ ጎጃም፣ ከደጀን ብዙም በማይርቅ መንደር ነው። አጎቴ እስካሁን እዚያው ያርሳል። እኔ ደግሞ ከተማ ከገባሁ ከ15 ዓመት በላይ ሆኖኛል። ስለዚህ ነገሩን ከሁለቱም በኩል ትንሽ ትንሽ አውቀዋለሁ።

መጀመሪያ ሰዉ ለምን እንዲህ እንደሚል እንየው፤ ስንፍና ነው ብሎ ማለፍ ልክ አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ ዶላር 57 ብር አካባቢ ነበር። በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። ከውጭ የሚገባ ነገር ሁሉ ተከትሎ ወጣ፣ ደመወዝ ግን በዚያ ልክ አልተራመደም። በዚያው ዓመት የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል ቢያንስ ለ2 ዓመት እንዲሆን ደንግጓል። ጥሩ ነው፤ ግን ውሉ ሲያልቅ ተከራይ ያው ዕቃውን ጭኖ ዳር ዳሩን ይሄዳል። የኮሪደር ልማቱ ከመሐል ያነሳቸው ቤተሰቦችም ወደ ዳር ሄደዋል። ዳር መኖር ማለት ደግሞ ግማሽ ኑሮን መንገድ ላይ መጨረስ ነው። ሌሊት 11 ሰዓት ተነስቶ ማታ 2 ሰዓት ቤቱ የሚገባ ሰው ልጁን የሚያየው ተኝቶ ነው። እንዲህ ያለ ሰው አባቱ ግቢ ካለው ዋንዛ ሥር ቁጭ ብሎ ቡና መጠጣት ቢያምረው ምኑ ይገርማል?

ሌላም አለ። እኛ ዘመድ ልንጠይቅ ስንሄድ "ገጠር ሄድኩ" አንልም፣ "አገር ቤት ሄድኩ" ነው የምንለው። አንድ ሰው "አገርህ የት ነው?" ተብሎ "አዲስ አበባ" ካለ ጠያቂው አይረካም፤ "የወላጆችህስ?" ይለዋል። አገር የሚለው ቃል መላ ኢትዮጵያንም፣ እናት ያለችበትን አንዲት ቀዬም ይይዛል። ስለዚህ የኛ ሰው ከተማ ሲመረው ማንም በማያውቀው ጫካ ጎጆ ቀልሶ ብቻዬን ልቀመጥ አይልም። የሚመኘው መመለስን ነው። ቨርጂኒያ ተቀምጦ "ጡረታ ስወጣ አገሬ ገብቼ ንብ አረባለሁ" የሚለውም ያው ነው። መመለስ ደግሞ የራሱ ጥያቄ አለው። ወደ ማን? በማን መሬት ላይ?

ወደዚያ ከመሄዴ በፊት ግን አንድ ነገር። አገር ቤትን የምናየው መቼ ነው? ለመስቀል፣ ለገና፣ ለፋሲካ፣ ወይ ጥር ላይ ለሠርግ። መስከረም ላይ ሜዳው አደይ አበባ ለብሷል፣ የበቆሎ እሸት ደርሷል። ገና ላይ እህሉ ከዐውድማ እየገባ ነው። ጥር የሠርግ ወር የሆነውም ሥራ ጋብ ስለሚልና ጎተራ ውስጥ እህል ስላለ ነው። እንግዳ ነህና በግ ይታረድልሃል፣ ጠላ ይጠመቅልሃል። ቤተሰቡ ችግሩን ጓዳ ደብቆ ፊቱን አሳምሮ ይቀበልሃል። አንተም የሄድከው ለ5 ቀን ነው። አእምሯችን ውስጥ የቀረው ሥዕል የዚህ የ5 ቀን ሥዕል ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ መንገዱ ሰላም በነበረ ጊዜ፣ ሥራ ለቅቄ ስለነበር ከሰኔ መጨረሻ እስከ ነሐሴ መጨረሻ አጎቴ ዘንድ ቆየሁ። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ደስ ይላሉ። ጸጥታው፣ የጧቱ ጉም፣ የከብቱ ድምፅ። ከዚያ ጭቃው መጣ። አፈሩ ዋልካ ነው፤ ዝናብ ከጠገበ እግር ይዞ አይለቅም። ከቤት እስከ ዋናው መንገድ በበጋ 40 ደቂቃ የሚወስደው መንገድ ክረምት ላይ ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ይፈጃል። የአጎቴ ትንሹ ልጅ አንድ ሌሊት ትኩሳት ጀመረው። ጤና ኬላው ቅርብ ነው ይባላል፣ ግን ጎርፍ የሞላው ወንዝ ከፊት አለ። እስኪነጋ ቁጭ ብለን ጠበቅን። ልጁ ደህና ሆነ፣ እኔ ግን ያቺን ሌሊት አልረሳትም።

ነሐሴ ሲገባ ሌላ ነገር አየሁ። ጎተራው ይጎድላል። የአጎቴ ሚስት ማታ ማታ ሊጥ ስታቦካ መጠኑ ከሳምንት ሳምንት ሲቀንስ አስተዋልኩ፤ እኔ ፊት የሚቀርበው እንጀራ ግን አንድም ቀን አልቀነሰም። ይህ ያልተነገረኝ ገጠር ነው። እህል አምራቹ ራሱ እህል የሚገዛበት ወር እንዳለ፣ ገበያ ወጥቶ ከከተማ ሰው እኩል ዋጋ እንደሚጠየቅ፣ ያንን ደግሞ በብድር ወይ በግ ሸጦ እንደሚወጣው።

አጎቴ ለጤፍ መሬቱን 4 እና 5 ጊዜ ያርሳል። አንዴ አርሶ መዝራት የሚባል ነገር የለም፤ የጤፍ ዘር ደቃቃ ስለሆነ መሬቱ ልሞ ካልጠበቀው አይሆንም። ሐምሌ ላይ ይዘራል፣ ከዚያ አረም ነው። ኅዳር ላይ አጨዳ፣ ቀጥሎ ውቂያ። ይህ ሁሉ በበሬ ነው። አንድ በሬ ብቻ ያለው ሰው ከጎረቤቱ ጋር ይቀናጃል። ጨርሶ የሌለው ደግሞ መሬቱን ለሌላ ሰው በእኩል ይሰጣል። አንድ ቀን እርፉን ያዝኩ። ያውም አድጌበታለሁ፣ ልጅ ሆኜ እረኛ ነበርኩ። ሁለት ዙር ሳልጨርስ መዳፌ ተላጠ።

ሒሳቡንም እንሥራው። 2 ጥማድ መሬት አገኘህ እንበል፣ ግማሽ ሄክታር አካባቢ ማለት ነው። በአገር ደረጃ የጤፍ አማካይ ምርት በሄክታር ከ20 ኩንታል በታች ነው። ስለዚህ ዝናቡ ካማረ፣ በረዶ ካልመታው፣ ማዳበሪያው በጊዜ ከደረሰ 10 ኩንታል አይሞላም። መሬቱን በእኩል ካረስከው ግማሹ የባለመሬቱ ነው። የቀረው 5 ኩንታል የማይሞላ እህል ለአንድ ቤተሰብ እንጀራ ሊሆን ይችላል፤ ለትምህርት ቤት፣ ለመድኃኒት፣ ለሳሙና፣ ለስልክ ካርድ፣ ለልቅሶና ለተስካር የሚተርፍ ግን የለውም። ማዳበሪያው በጊዜ ይደርሳል ወይ የሚለውም ራሱን የቻለ ጭንቀት ነው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ ማዳበሪያ ጠፍቶ የአማራ ክልል ገበሬዎች ባሕር ዳር ድረስ መጥተው አቤት ብለዋል። ሰኔ ላይ ያልደረሰ ማዳበሪያ መስከረም ላይ ቢመጣ ምን ያደርጋል?

"እኔ ማረስ አይደለም ያልኩት፣ ዶሮ ነው የማረባው" የሚል ብዙ ነው። የሌማት ትሩፋት የተባለው የመንግሥት መርሐ ግብር በ2015 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ደግሞ ስለ እንቁላልና ወተት ብዙ ይወራል፣ ሐሳቡም መልካም ነው። ግን ዶሮ ሲያስቡት ቀላል፣ ሲይዙት ከባድ ነው። የመኖው ዋጋ አለ። ከዚያ ፈንግል የሚባል በሽታ አለ፤ ክትባት ካመለጠህ የአንድ ዓመት ልፋት በሳምንት ያልቃል። እንቁላሉን የሚገዛህ ደግሞ ከተማው ነው፣ ስለዚህ ከመንገድ ከራቅክ እንቁላሉ ከገበያ ሳይደርስ ይሰበራል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ወደ መሬቱ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ግልጽ ያልሆነለት ነገር ያለ ይመስለኛል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። አርሶ አደሩ ያለው የመጠቀም መብት ነው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ባለይዞታው የመጠቀም መብቱን አስይዞ እንዲበደር በር ከፍቷል፣ መሸጥ ግን ያው አይቻልም። እንግዲህ ከተማ ያጠራቀምከውን ገንዘብ ይዘህ ሄደህ 4 ጥማድ የእርሻ መሬት ልግዛ ብትል ሕጋዊ መንገድ የለህም። በኮንትራት ለተወሰነ ዓመት ልትይዝ ትችላለህ፣ በእኩል ልታርስ ትችላለህ። እንደ ባለሀብት ሰፋ ያለ መሬት በሊዝ መጠየቅም አለ፤ ያ ግን ቀላል ኑሮ ፍለጋ አይባልም፣ ሌላ ትልቅ ሥራ ነው።

የአባቴ መሬት አለኝ የሚል ይኖራል። እስቲ ስንት ወንድምና እህት እንዳለው ይቁጠር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የመሬት አዋጅ ጭሰኝነትን አፍርሶ ለአንድ ቤተሰብ እስከ 10 ሄክታር ፈቅዶ ነበር። ዛሬ ከኢትዮጵያ ገበሬ ከግማሽ በላይ የሚሆነው የሚያርሰው ከአንድ ሄክታር ያነሰ ነው። ቁጥሩ ራሱ ይናገራል። በኛ በአማራ ክልል የመጨረሻው ትልቅ የመሬት ድልድል የተካሄደው በ1989 ዓ.ም. ነው። ያኔ ሕፃን የነበረ ልጅ ዛሬ ልጆች ወልዷል፣ በስሙ ግን መሬት የለውም። የአጎቴ ትልቁ ልጅ እንዲህ ነው። ከአባቱ ይዞታ ላይ አንድ ጥማድ ተቆርሶለት እሷን ይዞ ይታገላል።

ታዲያ እኔ ከ15 ዓመት በኋላ ከተፍ ብዬ "ድርሻዬን" ብል ከማን አፍ ነው የምነጥቀው? አንድ ማታ እሳት ዳር ተቀምጠን ይህንኑ ሕልሜን ለአጎቴ ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝና "ልጄ፣ ቤት እሠራልሃለሁ። መሬቱን ግን ከየት ላምጣልህ?" አለኝ። ልጁ አጠገባችን ተቀምጧል። በማግስቱ ብቻዬን ሲያገኘኝ አዲስ አበባ የጥበቃም ሥራ ቢሆን እንድፈልግለት ለመነኝ።

በነገራችን ላይ ከተሜ ስለ ገበሬው ሲያስብ ይህ የመጀመሪያው አይደለም። በ1957 ዓ.ም. ተማሪው "መሬት ለአራሹ" ብሎ አዲስ አበባ አደባባይ ሲወጣ ከልቡ ነበር። ከ10 ዓመት በኋላ የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችንና መምህራንን ወደ ገጠር ላከ። ከዘመቱት አንዳንዶቹን በልጅነቴ ሲያወሩ ሰምቻቸዋለሁ። ሁሉም የሚያነሱት አንድ ነገር ነው፤ ገበሬው እነሱ ከሚያውቁት በላይ ስለ መሬቱ፣ ስለ ዝናቡና ስለ ጎረቤቱ የሚያውቀው ነገር ነበረው፣ እና ያ እውቀት በንግግር አይገኝም።

ከመሬቱ የማያንሰው ሰው ነው። ገጠር ውስጥ ብቻህን የምትጨርሰው ሥራ የለም። አረሙ በደቦ ነው፣ አጨዳው በወንፈል ነው፣ ቤት ሲሠራ መንደሩ ይወጣል፣ ሰው ሲሞት እድር አለ። ደቦ ደግሞ በነፃ የሚገኝ እርዳታ አይደለም። ዛሬ ላንተ የወጣ ሰው ነገ አንተን ይፈልጋል፤ በአረም ጊዜ፣ በሌሊት፣ በዝናብ። 15 ዓመት ሳትወጣ ቆይተህ ስትመጣ ያንን ሁሉ ዕዳ አልከፈልክም። ማንም ፊት አይነሳህም፣ በፍቅር ይቀበሉሃል፣ ግን ለተወሰነ ዓመት እንግዳ ነህ። ዘመድ በሌለህበት ቀዬ ከሆነ ደግሞ መጤ ነህ፣ እና መጤ የሚለው ቃል ባለፉት ዓመታት ምን ያህል እንደከበደ ሁላችንም እናውቃለን።

ስለ ሴቶች ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። ከገጠር ወጥታ ከተማ የገባች ሴት "ተመልሼ ልግባ" ስትል እምብዛም ሰምቼ አላውቅም። ወንዶች ነን አብዝተን የምንመኘው። የአጎቴን ሚስት ቀን ካያችሁ ምክንያቱ ግልጽ ነው። ገና ሳይነጋ ውሃ ልትቀዳ ትወርዳለች፣ 20 ሊትር ጄሪካን በጀርባዋ ይዛ ዳገቱን ትወጣለች። ከዚያ ማገዶ፣ ኩበት፣ ጋጥ መጥረግ፣ ወፍጮ ቤት፣ ምሳ ወደ እርሻ ማድረስ፣ አረም፣ ማታ እንደገና ምጣድ። እኛ ዋንዛ ሥር ቁጭ ብለን የምንመኛት ቡና የምትፈላው በዚህች ሴት ጉልበት ነው። ባለቤቴን ገጠር እንግባ ብዬ ሳነሳባት የመጀመሪያ ጥያቄዋ "ውሃው የት ነው?" የሚል ነበር። ትክክል ናት።

የሰላሙ ነገር ደግሞ አለ። ይህን ማድበስበስ አልፈልግም። በ2016 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻ ላይ ከደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ወደ ቤታቸው ይመለሱ የነበሩ ተማሪዎች ገብረ ጉራቻ አካባቢ ከአውቶቡስ ወርደው ታግተዋል። ያ የኔ መንገድ ነው፣ ወደ እናቴ መቃብር የሚወስደው መንገድ። አማራ ክልል ውስጥ ግጭቱ ከ2015 ክረምት ጀምሮ ገበሬውን ከእርሻው፣ ልጆቹን ከትምህርት ቤት አርቋል። ከአጎቴ ጋር የምንገናኘው ኔትወርክ ሲኖር በስልክ ብቻ ነው። በዚህ ጊዜ ገጠር ልግባ ማለት በብዙ ቦታ ምኞት ብቻ ሆኖ ይቀራል፤ ይህንን የምጽፈው እያመመኝ ነው።

እና ሁሉም በር ዝግ ነው? አይደለም። የተሳካላቸውን ሰዎች ስመለከት አንድ የሚያመሳስላቸው ነገር አያለሁ፤ መንገዱን ከመጀመሪያውም አላቋረጡም። ጉራጌዎችን እዩ። ለመስቀል መርካቶ ጭር የሚለው ለምን ነው? አዲስ አበባ 30 ዓመት የነገደ ሰው አገር ቤት ያለው ቤቱ አልተዘጋም፣ እንሰቱ ይኮተኮታል፣ መዋጮው አይቋረጥም። በ1950ዎቹ የከተማው ጉራጌ ገንዘብ አዋጥቶ ወደ አገሩ መንገድ ማሠራት የጀመረው መንግሥት እስኪደርስለት አልጠብቅም ብሎ ነው። እንሰት ራሱ ለዚህ ኑሮ የተሠራ ይመስላል። ለመድረስ ከ4 እስከ 6 ዓመት ይፈጃል፣ አንዴ ከቆመ ግን እንደ ጤፍ በአንድ ወር ካልታጨደ አይልም፣ ሲያስፈልግ የሚነሳ ጎተራ ነው። ግን ያንን እንሰት የተከለው አንድ ሰው አለ፣ ብዙ ጊዜ እናት ናት።

አውራ አምባንም አስባለሁ። ፎገራ ውስጥ ዙምራ ኑሩ በ1964 ዓ.ም. አካባቢ የመሠረቱት ማኅበረሰብ ነው፤ በራሳቸው ሐሳብ አዲስ ዓይነት የገጠር ኑሮ ለመመሥረት ከተነሱት ውስጥ እንደሱ የቆየ አላውቅም። መሥራቾቹ የገጠር ልጆች ናቸው፣ እርሻ ያውቃሉ። እንዲያም ሆኖ መሬቱ ስለጠበባቸው የኑሯቸው ምሰሶ ሽመና ሆነ፣ ወፍጮም ጨመሩ። እርሻ ለሚያውቅ ሰው እንኳ እርሻ ብቻውን ካልበቃ፣ ከኮምፒውተር ፊት ተነስቶ ለሚሄድ ሰው ሌላ ገቢ ሳይዝ መግባት አደገኛ ነው። ነርስ ከሆንክ፣ አናጢ ከሆንክ፣ ስፌት ከቻልሽ፣ የሶላር ጥገና ካወቅክ ያ ሙያ ከሁለት በሬ ይበልጣል፤ መንደሩም የሚፈልግህ በዚያ ነው።

ለብዙዎቻችን የሚሻለው መሐሉ ይመስለኛል። ከተማ ቀመስ የሆኑ ትንንሽ ቦታዎች። ቡታጅራ፣ ወሊሶ፣ ሆሳዕና፣ ሰላም ሲሆን ደብረ ማርቆስ። የቤት ኪራዩ ከአዲስ አበባ ጋር አይወዳደርም፣ ልጅ በእግሩ ትምህርት ቤት ይሄዳል፣ ጓሮ ጎመንና ቃሪያ ታበቅላለህ፣ ጎረቤትህን በስሙ ታውቀዋለህ። ስናማርር በደንብ ብናዳምጠው የሚጎድለን እርሻው ራሱ አይደለም፤ የሚጎድለን ጊዜ፣ ጸጥታ፣ የሰው ፊትና የራስ ጓሮ ነው። እነዚህ ደግሞ እርፍ ሳይያዝም ይገኛሉ። ከባዱ ነገር ሥራ ነው፤ ደመወዙ ያነሰ ነው፣ ክፍት ቦታም እንደልብ የለም። ስለዚህ ሥራውን ሳያገኙ ቤት መልቀቅን አልመክርም። ለሙከራ የሚሄድ ሰው ደግሞ በመስከረም አይሂድ፣ በሐምሌ ይሂድ።

እኛም እንደዚያ ልናደርግ ነው። አማቴ የሚኖሩት ከቡታጅራ ወጣ ብሎ ነው፤ እንሰታቸው አለ፣ ውሃ ግቢያቸው ድረስ ገብቷል፣ ባለቤቴም በዚህ ተስማምታለች። ግቢው ውስጥ ባለችው አሮጌ ክፍል ከሐምሌ እስከ ነሐሴ ልንቆይ አስበናል፣ እኔ ሥራዬን ከዚያው በስልክና በላፕቶፕ እየሠራሁ። በስልክ ስንነግራቸው ደስ አላቸው፣ ከዚያ ትንሽ ዝም ብለው "ጣሪያው ያፈሳል፤ እሱን ከአሁኑ ካልሠራችሁ ክረምቱን አትችሉትም" አሉን። ሰሞኑን የቆርቆሮ ዋጋ እየጠየቅኩ ነው።